ኦክቶበር 9 ጥቅምት 9 አይደለም

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ባለቤቴ የግል ሥራ አለው። የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን።

ባለፈው ወር የካናዳ ፒአራችን፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃዳችን፣ ወጣ። ዋናዋ አመልካች እኔ ነኝ፤ ባለቤቴና ልጆቼ አብረውኝ ተካተዋል። በጣም ደስ ብሎናል። ግን አሁን ጠቅልለን መሄድ አንችልም። የጀመርነው ቤት ገና ጣሪያ ላይ ነው። እናቴ መሐል ሜዳ ናት፤ ከፋሲካ ወዲህ ጤናዋ ልክ አይደለም። አንድ ዓመት ያህል ያስፈልገናል።

ወረቀቱ ላይ እስከ ኦክቶበር 9 መግባት አለባችሁ ይላል። ስለዚህ እስከ ጥቅምት 9 ጊዜ አለን ማለት ነው። እኔ ያሰብኩት መስቀልን ከእናቴ ጋር ውዬ፣ መስከረም 30 ብቻዬን ሄጄ፣ 12 ቀን ቆይቼ መመለስ ነው። ባለቤቴና ልጆቹ ቤቱ ሲያልቅ በሚቀጥለው ዓመት ከእኔ ጋር ይገባሉ። ለአራት ሰው ሁለት ጊዜ ቲኬት መቁረጥ አቅማችን አይችልም። የእኔን አስይዣለሁ፤ ገና አልከፈልኩም። የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ተከራይቶ ይኖራል፣ እሱ ጋ አርፋለሁ።

ሰው የሚለኝ ይለያያል። አንዱ «አንዴ ከገባሽ መውጣት አትችይም» ይላል። ሌላው «ማኅተም አስመትተሽ በማግስቱ ተመለሺ» ይላል። በ12 ቀን ውስጥ ምን ምን ልጨርስ? ሥራዬንስ ልልቀቅ? እናቴ ደግሞ «እዚያ ብርድ ነው» ብላ የራሷን ባና ሰጥታኛለች። አሁን ልውሰደው ወይስ ይቆይ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እናትሽንም እግዜር ይማርልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ደነገጥኩ። እባክሽ ያን ቲኬት እንዳትከፍዪው። ኦክቶበር 9 በእኛ አቆጣጠር መስከረም 29 ነው። መስከረም 30 ቦሌ ስትደርሺ ወረቀትሽ አንድ ቀን አልፎታል። አየር መንገዱም አያሳፍርሽም። ኦክቶበርን ጥቅምት ብለን ስለምንጠራው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ወሩ ተቀራራቢ ነው እንጂ ቀኑ አንድ አይደለም። ያ ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጤና ምርመራችሁ ወይም ከፓስፖርታችሁ ጋር የታሰረ ነው፤ በጥቅሉ አይራዘምም። የአራታችሁንም ወረቀት አውጪና ቀኑን አንድ በአንድ እዪ። የአንዳችሁ ከሌላው ቀድሞ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ከዚህም ይከብዳል። ብቻሽን አትሂጂ። የባለቤትሽና የልጆችሽ ወረቀትም የማለፊያ ቀን አለው። አንቺ ስለገባሽ የእነሱ አይጠብቅም። ሕጉ የሚለው፣ ዋናው አመልካች ቀድሞ ወይም አብሮ ይግባ፣ ሌሎቹም የራሳቸው ቀን ሳያልፍ ይግቡ ነው። ካለፈባቸው እንደገና አንቺ ስፖንሰር ልታደርጊያቸው ነው። ፒአር ያለው ሰው ደግሞ ስፖንሰር ማድረግ የሚችለው እዚያው ካናዳ እየኖረ ነው። እስቲ አስቢው፣ አንቺ ቶሮንቶ፣ የ4 ዓመቱ ልጅ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ላይ ረጅም ሂደት። የቲኬቱ ዋጋ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን ቤቱ ጣሪያ ላይ ጥቂት ወር ይቁም። እቁብም ይሁን ብድር፣ ገንዘቡ ለአራት ቲኬት ይዋል። ከደብዳቤዬ አንድ ነገር ብቻ የምትሰሚ ከሆነ ይሄን ስሚኝ።

መቼ? እኔ ብሆን ፍልሰታን እናቴ ጋ ፈትቼ ነሐሴ 18 ግድም እነሳለሁ። ልጆቹ ትምህርት ላይ አይደሉም። 12 ቀን ቆይታችሁ ለዘመን መለወጫ መሐል ሜዳ ትደርሳላችሁ። መስቀሉም አይቀርብሽም። ቅዳሜና እሁድ የመንግሥት ቢሮ ዝግ ስለሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ ግቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶሮንቶ ይበራል፣ በእሱ ሂዱ። በአሜሪካ የሚያልፍ ርካሽ ቲኬት ቢያሳዩሽ አትግዢ፤ ለማለፍ ብቻ የአሜሪካ ቪዛ ትጠየቃላችሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዋናው ሥራ ያልቃል። መኮንኑ ፓስፖርትና ወረቀታችሁን ያያል፣ ጥቂት ይጠይቅሻል፣ ታረጋግጫለሽ። መቋቋሚያ ገንዘብሽን የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ የባንክ ደብዳቤ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው። 10,000 የካናዳ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከያዛችሁ አስመዝግቡ። መያዙ ወንጀል አይደለም፣ መደበቁ ነው። ምግብም እንደዚሁ፤ ሽሮውንም በርበሬውንም ተናገሪ። ቋንጣና ቅቤው ለዚህ ጉዞ ይቅርባችሁ።

ከዚያ አድራሻ ትጠየቂያለሽ። ፒአር ካርዳችሁ በፖስታ የሚመጣው እዚያ አድራሻ ነው፤ ኢትዮጵያ ድረስ አይልኩትም። አድራሻ ሳትሰጪ 180 ቀን ካለፈ በነፃ የሚሰጠው የመጀመሪያ ካርድ ይቀርና ከፍለሽ ታመለክቻለሽ። ካርድ የሌለው ሰው ወደ ካናዳ አውሮፕላን ለመሳፈር ልዩ የጉዞ ሰነድ ማውጣት አለበት፤ እሱም ማመልከቻ፣ ክፍያና ጥበቃ አለው።

ይሄ በእኔ ደርሷል። እኔም እንዳንቺ ለጥቂት ቀን ገብቼ ነው የተመለስኩት። የሰጠሁት የጓደኛዬን አድራሻ ነበር። እሱ በሁለተኛው ወር ቤት ቀየረ፣ ለእኔ መንገሩን ረሳ፣ ካርዴ ወደ ላኪው ተመለሰ። ይሄን ያወቅኩት ልሄድ ሻንጣ ስሸክፍ ነው። እናቴ ቆሎ ቆልታ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ መርቆኝ ነበር። ጉዞው ለወራት ተራዘመ፣ ይጠብቀኝ የነበረው ሥራም ለሌላ ሰው ሆነ። እስከ ዛሬ ያቺ ፖስታ ሳጥን ትታየኛለች፤ የእኔ ስም ያልተለጠፈባት፣ ፖስተኛው ያለፋት።

ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ ሳጥኑ ላይ የአራታችሁን ስም በላቲን ፊደል ይለጥፍ። የእናንተ የአባት ስም ከእሱ ጋር አይመሳሰልም። አንቺና ባለቤትሽም የተለያየ የአባት ስም ነው ያላችሁ። ይሄ ለእኛ ግልጽ ነው፣ ለፖስተኛው አይደለም። ካርዶቹ ሲደርሱ በታመነ ሰው እጅ ወይም በኩሪየር ይላክላችሁ።

በማግስቱ ሰርቪስ ካናዳ ወደሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ቢሮ ሂዱ፤ ለአንቺና ለባለቤትሽ ሲን ነምበር አውጡ። ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ለሥራም ለግብርም እሱ ነው የሚጠየቀው። ነፃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን በወረቀት ይሰጣችኋል። ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ለማንም በቴሌግራም አትላኪ። በዚያ ቁጥር በስምሽ ብድር የሚወስድ ሌባ አለ።

ቀጥሎ ባንክ። ፓስፖርትና የፒአር ወረቀት ይበቃሻል። ለአዲስ ገቢ የሚሆን አካውንት አላቸው፤ ብዙዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ወርሃዊ ክፍያ አያስከፍሉም። ያ ጊዜ ሲያልቅ ስንት እንደሚቆርጡ ጠይቂ፤ ዓመት ሙሉ ስለማትኖሪ ገንዘብሽን ቀስ እያለ ይበላዋል። ክሬዲት ካርዱን አሁን ተዪው።

የጤና ካርድ ግን አታውጡ። ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር የኦንታሪዮ የመንግሥት ጤና መድን፣ ኦሂፕ የሚሉት፣ ለነዋሪ ነው፤ ኑሮ ከጀመርሽበት ቀን አንስቶ ካለው 183 ቀን 153ቱን እዚያው መገኘት አለብሽ። ለልጆች በየወሩ የሚሰጠውንም ገንዘብ አሁን አትጠይቂ። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚልሽ ሰው ይኖራል። ኋላ ሲያስመልሱሽ እሱ አይከፍልልሽም። ለእነዚህ 12 ቀናት የጉዞ ኢንሹራንስ ግዢ፤ ልጅ በሌሊት ቢያተኩሰው የሐኪም ቤቱ ሂሳብ አንገት ያስደፋል።

«አንዴ ከገባሽ መውጣት አትችይም» ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ግዴታው በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መኖር ነው፤ ተከታታይ መሆን የለበትም። አንድ ዓመት እዚህ ብትቆዩ ገና አራት ዓመት አላችሁ። ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ፣ ፈቃድ ውሰጂ። በፒአር ኢትዮጵያዊነትሽም አይጠፋም፤ በራስሽ ፓስፖርት ገብተሽ ትወጫለሽ። በማግስቱ ተመለሺ ያለሽም ሕግ አልጣሰም። ግን ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ትምህርት ቤቱንና ሰፈሩን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። የተረፈሽን ቀን ልጆቹን ይዘሽ በአውቶቡስ ዙሪ። የቤት ኪራይ ጠይቂ። የዩኒቨርሲቲ ማስረጃሽን ለማስገምገም ምን እንደሚጎድልሽ ለይተሽ ተመለሺ፤ የሚጎድለው ወረቀት ከእዚህ ነው የሚወጣው። ባለቤትሽ መንጃ ፈቃድ ካለው፣ መቼ እንዳወጣና በየትኛው ደረጃ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከፈቃድ ሰጪው ቢሮ ዘንድሮ ያውጣ።

አሁን ወደ ባናው። ነሐሴ ላይ ቶሮንቶ ሙቀት ነው፣ አትሸከሚው። ግን ከመሄድሽ በፊት አንድ ወረቀት አዘጋጂ፤ በኋላ የሚመጡ ዕቃዎች ዝርዝር ይባላል። ጠቅልላችሁ ስትገቡ የምታመጡትን የቤት ዕቃ ከግምት ዋጋው ጋር በሁለት ቅጂ ጽፈሽ፣ በዚህ በመጀመሪያው ጉዞ ለጉምሩክ ሰጥተሽ ታስመትቻለሽ። ያንን ካደረግሽ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ቀረጥ ታስገቢዋለሽ። ዕቃው ግን ከመጀመሪያው መግቢያሽ በፊት የራስሽ የሆነና የተጠቀምሽበት መሆን አለበት። ያልተገዛ ሶፋ አይጻፍም። መሶቡን፣ ረከቦቱን፣ የጥልፍ ቀሚስሽን ጻፊ። ወርቅ ካለሽ ፎቶ አንሺው። ባናውን ደግሞ አንደኛ ተራ ላይ አድርጊው፤ «ከመንዝ በግ ፀጉር በእጅ የተሠራ ብርድ ልብስ» ብለሽ። ይሄን የደብረ ብርሃን ክረምት ልበሺው፣ የአንቺ ይሁን።

ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ ለአክስትሽ ልጅ ደውዪ። የኪራይ ውሉ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቂው። እስከ ጥር ድረስ እዚያው ቤት እኖራለሁ ካላለሽ፣ ቦሌ ከመሄድሽ በፊት ሌላ አድራሻ ፈልጊ።