ጠንቋዮቹም ጓጉንቸር አወጡ

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 7 እና 8 የፈርዖን ጠንቋዮች ሙሴና አሮን ያደረጉትን ሲያደርጉ አንብቤ ግራ ገባኝ። ይህን ኃይል ከየት አመጡት? እኛም ቤት በሬ ጠፍቶ አባቴ አዋቂ ጋ ሄዶ ነበር። ሰውዬው ያለበትን ነገረው፤ በሬውም እዚያው ተገኘ። እውነት ከተናገረ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጠየቅህ። አዋቂ ቤት መሄድ ክልክል መሆኑን ታውቃለህ፤ እሱን አልደግምልህም። ያሳሰበኝ የመጨረሻው ቃልህ ነው። ይህን ስንቱ ጠይቆኛል! ቆራቢውም፣ ማኅበርተኛውም፣ አንዳንዴ ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪም። ነገሩ ከሠራለት ከእግዚአብሔር የመጣ ይመስለዋል።

እስኪ መጽሐፉን ቀስ ብለን እንየው። የአሮን በትር እባብ ሆነች። የጠንቋዮቹም በትሮች እባብ ሆኑ። እንዴት? መጽሐፉ «በአስማታቸው» ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም እንለፈው። የአሮን በትር ግን የእነሱን ዋጠች። ፈርዖን ይህን እያየ ልቡን አጸና።

ቀጥሎ ውኃው ደም ሆነ። ያ ወንዝ ከኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚወርደው ዓባይ ነው። ግብፆች የሚጠጡት አጥተው በወንዙ ዳር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጠንቋዮቹ በዚህ ጊዜ ምን ሠሩ? እነሱም ደም አደረጉ! ሕዝብ ውኃ ጠምቶት የተረፈችውን ማበላሸት ምን የሚሉት ኃይል ነው? ከቻሉ ደሙን ውኃ አያደርጉትም ነበር?

ጓጉንቸሩም እንዲሁ ነው። አልጋው ላይ ጓጉንቸር፣ ምድጃው ውስጥ ጓጉንቸር፣ ሊጥ በሚቦካበት ቡሓቃ ጓጉንቸር። ጠንቋዮቹ ሌላ ጨመሩበት። ፈርዖን ታዲያ «አስወግዱልኝ» ብሎ ማንን ጠራ? ጠንቋዮቹን አይደለም። ሙሴንና አሮንን ጠርቶ ጸልዩልኝ አለ። ልቡ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሙሴ «መቼ?» ቢለው ደግሞ «ነገ» አለ። ከጓጉንቸር ጋር ሌላ ሌሊት ሊያድር! እልኸኛ ልብ እንዲህ ነው።

ቅማሉ ላይ ሲደርሱ አቃታቸው። «ይህ የእግዚአብሔር ጣት ነው» ብለው ራሳቸው መሰከሩ። በቁስሉ ጊዜማ ሙሴ ፊት መቆምም አልቻሉም። ከየት አመጡት ላልከው፣ ሰይጣን ፍጡር ነው። ኢዮብን እንኳ ሳይፈቀድለት አልነካውም። እስከ ተፈቀደለት ይሄዳል፤ ከዚያ አያልፍም።

አሁን ወደ በሬው እንምጣ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን አንብብ። በፊልጵስዩስ የምዋርት መንፈስ ያደረባት ገረድ ጳውሎስንና ሲላስን እየተከተለች «እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» ትል ነበር። ቃሏ እውነት ነው፤ አንድ ውሸት የለበትም። ጳውሎስ ግን አመሰገናት? የለም፤ መንፈሱን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አስወጣው። ዘዳግም 13ም የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚመራህን አትስማ ይላል። መጽሐፍ ነገሩ መሳካቱን አይክድም። ወዴት እየወሰደህ ነው ብሎ ነው የሚጠይቅህ። ነገ ላሟ ስትታመም፣ ልጅ ሲያተኩሰው፣ የአባትህ እግር ወዴት ይሄዳል? ወደ ጠበሉ ነው ወይስ ወደ ሰውዬው? እኔ የምፈራው ይህን ነው። በሬ መልሶ ሰው የሚወስድ ስንት አይቻለሁ።

አባትህን ግን አትቆጣው። በእርሻ ወቅት በሬ የጠፋበት ገበሬ እንቅልፍ እንደሌለው አውቃለሁ። ለብቻው ሆኖ ሳለ፣ በእርጋታ፣ ይህን የጻፍኩልህን አንብብለት። ሰውዬው ክታብም ሆነ ሥራሥር ሰጥቶት ከሆነ ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ተመለስ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶትም ከሆነ እንዳይሄድ ለምነው። ካፈረ ደግሞ እኔ ጋ ይምጣ፤ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።