ለክረምት ብዬ የገባሁበት ሙያ፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎና ፒያሳ መሐል ወደነበረች ትንሽ ማተሚያ ቤት የገባሁት የክረምት ሥራ ፍለጋ ነበር። በዚያው ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሳያስቡት የገቡበት ሥራ ሰውን ያሳድጋል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን ለመሆን ነበር ያሰቡት?

የሕንፃ መሐንዲስ። የማትሪክ ውጤቴ አላደረሰኝም። ጊዜው ደግሞ የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጣና መጽሔት የበዛበት ነበር። ማተሚያ ቤቶች ሌሊት ገጽ የሚያጥፍና የሚደረድር ልጅ ይፈልጉ ስለነበር ገባሁ።

ታዲያ «ሙያዬ ይህ ነው» ያሉት መቼ ነው?

ቀኑን ለይቼ አላውቀውም፤ ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ። አንድ መጽሐፍ ታትሞና ተጠርዞ ካለቀ በኋላ አልከፈት ብሎ አስቸገረ። ገጹ ይገተራል፣ ጀርባው ይሸበሸባል። የማሽን ኦፕሬተራችን ምንም ሳይናገሩ ከዚያው ወረቀት ቁራጭ አንስተው አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በጎኑ ቀደዱት። በአንዱ በኩል ቀጥ ብሎ ተቀደደ፣ በሌላው ተንሻፈፈ። ወረቀት ሲመረት አብዛኞቹ ቃጫዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ ቀጥ ብሎ የሚቀደደው በዚያ በኩል ነው። የመጽሐፉ ጀርባም ከዚያ አቅጣጫ ጋር መሄድ አለበት።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ሁሉ «ለምን?» ማለት ጀመርኩ። 200 ገጽ መጽሐፍ ሲመጣ አለቃችን ለምን 208 ይሁን ይላሉ? አንዱ ፎርማ፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚታተመው ትልቅ ወረቀት፣ ታጥፎ 16 ገጽ ስለሚሆን ነው፤ 208 ልክ 13 ፎርማ ይሞላል። ኦፍሴት በሚባለው የማተሚያ ማሽን ላይ ውሃና ቀለም እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ቀለሙ ቅባት ነው፤ ፕሌቱ፣ ማለትም የገጹ ምስል ያለበት ስስ ብረት፣ ላይ ውሃ የያዘው ቦታ አይቀበለውም፣ ጽሑፉ ያለበት ቦታ ይቀበለዋል። ሳልቆጥረው ክረምቱ አለፈ፣ እኔም አልወጣሁም። ብዙ ሰው የሚወደውን ሥራ ሲፈልግ ይኖራል። እኔ እስኪገባኝ ድረስ ምንም አልወደድኩም፤ መውደዱ ከመረዳት በኋላ መጣ።

ባንክ ውስጥ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። እያደግሁ ይሁን ያንኑ እየደጋገምኩ ግን አላውቅም። በምን ልለየው?

እህቴ፣ እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። ድሮ አለቃ የምትጠሪበትን ችግር ዛሬ ራስሽ ትጨርሺዋለሽ? አንቺ አስተምረሽው ሥራውን የቻለ ሰውስ አለ? ሁለቱም ከሌሉ መልቀቂያ ከመጻፍሽ በፊት ክፍል ለመቀየር ሞክሪ። ብድር ክፍል የገባ ሰው መስኮት ላይ ካለው የተለየ ነገር ያያል።

እኔን የገፋኝ ኮምፒዩተር ነው። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ፣ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይወጣ ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል ኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ቢያካትትም፣ በድሮው ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ መምጣቱ አልቀረም። ደራሲው ዓመታት የለፋበት ጽሑፍ እንደዚያ ሆኖ ሲታይ ሆድ ይበላል። ስለዚህ መቀየሩን ተማርኩ። ሲቀየር የሚሳሳቱ ፊደላት ስላሉ ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ ማንበብ ግድ ነው፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አራሚ ሆንኩ። ሥራውን ማንም አልሰጠኝም፤ ቦታው ባዶ ስለነበር ያዝኩት።

ደመወዙስ ያኖራል?

ብቻውን አላኖረኝም። ከጥር በፊት የሠርግ ካርድ፣ ከመስከረም በፊት ካሌንደር እየሠራሁ ደጎምኩት። ሙያውን ስወድ ኪራይ ቀርቶልኝ አያውቅም፤ ይህን ሳይናገር ወጣቱን «ታገሥ» የሚል ሰው ደስ አይለኝም።

ዩኒቨርሲቲ የተመደብኩት በማልፈልገው ትምህርት ክፍል ነው። ልተወው?

ልጄ፣ ትወደዋለህ ብዬ ቃል አልገባልህም። ከመተውህ በፊት ግን በዚያ ሙያ የሚሠሩ ሰዎችን ቦታው ድረስ ሄደህ አንድ ሙሉ ቀን ሲሠሩ ተመልከት። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርትና የሥራው ቀን ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ያን ቀን አንድም የምትጠይቀው ነገር ካልመጣልህ፣ ያኔ መቀየሪያውን ፈልግ።

ፒያሳ ሲፈርስ እናንተስ?

በ2016 ተነሣን። ከጎናችን ጠራዥ ነበር፣ ፊት ለፊት ማኅተም ቀራጭ፤ ጎደለን የምንለውን ሁሉ በእግር ሄደን እናገኘው ነበር። አሁን ሁሉም የተለያየ ሠፈር ነው፤ አንድ ሥራ ለመጨረስ ታክሲ መቀያየር አለ። እኔ ግን ደንበኞቼ ስልኬን ይዘው ስለነበር አልጠፉም። በስሜ የሚመጣ ሰው እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ይህ ለእኔ ከማናቸውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ሥራውን ማየት እፈልጋለሁ። ምንም አላውቅም፣ መምጣት እችላለሁ?

ና። ማሽኑ ሲሠራ እንድታይ ጠዋት ብትመጣ ይሻላል። የምታውቀው ነገር መኖር የለበትም፤ ማስታወሻ ደብተር ግን ያዝ፣ ስትመለስ የቀለሞቹን ስምና የወረቀቱን ግራም (የውፍረቱን መለኪያ ክብደት) እጠይቅሃለሁ። እጅጌው ረጅምና ሰፊ የሆነ ልብስ አትልበስ፤ ሮለሩ ይይዘዋል።