ርካሽ አዲስ ሰርኩላር ወይስ ያገለገለ ቦሽና ማኪታ? ለፍኖተ ሰላሙ ጠያቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ለጣሪያ ሞራሌና ለበር ሥራ የእጅ ሰርኩላር (በክብ ዲስክ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ልገዛ ነው፤ ርካሽ አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ ቦሽ ወይም ማኪታ? እዚሁ ልፈልግ ወይስ ባሕር ዳር ልሂድ?» የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ ሞራሌ የምትሰነጥቅ ከሆነ ያገለገለው ይሻልሃል፣ ሞተሩን ካየኸው ግን ብቻ። በሳምንት አንዴ ለምትነካው ሥራ ቶታል ወይም ኢንግኮ ከሚባሉት ርካሽ ብራንዶች አዲሱን ግዛና ተገላገል።

በመጀመሪያ በጎኑ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል መሆን አለበት። ከውጭ በሻንጣ የገባ የ110 ወይም የ120 ቮልት ዕቃ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብልህ አትጓጓ። እኛ መስመር ላይ ከሰካኸው ወዲያው ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ልግዛለት ብትል ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከመጋዙ ይከብዳል።

ከዚያ ሳትሰካው ሞተሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ክብ ክዳኖች በካቻቢቴ ፍታና ካርቦኖቹን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን ትንንሽ ጥቁር ቁራጮች) አውጣ። ከ5 ሚሊሜትር ካነሱ አልቀዋል። ይህ ዋጋ ማስቀነሻህ እንጂ መሸሻህ አይደለም፣ ካርቦን ርካሽ ነው። በቀዳዳው በኩል የስልክህን መብራት አብርተህ ካርቦኑ የሚነካውን መዳብ እየው፤ ዲስኩን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው። መዳቡ ዙሪያውን እኩል ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። አንድ ሁለት ቁራጭ ብቻ ጠቁሮ ከተበላ ግን አርማቹሩ (ሽቦ የተጠመጠመበት የሚዞረው የሞተር ክፍል) ውስጥ ሽቦ ተነካክቷል ወይም ተበጥሷል።

አሁን ሰካው። ካርቦኑ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። እሳቱ መዳቡን እንደ ቀለበት ከከበበው ወይም የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተህ ዋጋ እንኳ ሳትጠራ መልስለት፤ አርማቹሩ ሳይቀየር አዲስ ካርቦን ብታስገባለት እሱንም ይበላዋል። ስታጠፋው ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታ ላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ተፈልጎ ይቀየራል፤ እሱንም ከዋጋው አስቀንስ። ሻጩ «መብራት የለም፣ ግን ይሠራል» ካለህ መብራት ሲመጣ ተመለስ።

የዲስኩ የታች መከላከያ ስትለቀው ራሱ ጥርቅም ማለት አለበት። ብዙዎች በሽቦ ያስሩታል፤ መጋዙን መሬት ሲያስቀምጡት እየዞረ ያለው ዲስክ ወደ እግር የሚሮጠው በዚህ ነው። እንጨቱ ላይ የሚያርፈው የታችኛው ጫማ ወድቆ የተጣመመ ከሆነ በስኳድራ ለካው፣ ካልተቃና በር አትሠራበትም። የዲስክ ቀዳዳ 20፣ 25.4 ወይም 30 ሚሊሜትር ስለሚሆን ዲስክ ከመግዛትህ በፊት እሱንም ለካ። 185 ሚሊሜትር ዲስክ የሚወርደው 65 ሚሊሜትር ግድም ነው፤ 5 በ7 ሴንቲሜትር ሞራሌን በ5ቱ በኩል ያልፈዋል፣ በ7ቱ በኩል ግን ገልብጠህ ትደግመዋለህ። ለሞራሌ 24 ጥርስ በቂ ነው፤ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ ባለ 60 ጥርስ ዲስክ ከተጠቀምክ ይታነቃል፣ ሞተሩም ይግላል። ባለ 60ውን ለቺፑድና ለኤምዲኤፍ አስቀምጠው።

አዲሱን ለመግዛት ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም በስልክ ጠይቅና የመሄጃ መመለሻህን ደምረህ ከፍኖተ ሰላም ዋጋ ጋር አወዳድር። ያገለገለውን ግን ሻጩን በምታውቅበት ቦታ ግዛ። የመለያ ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ በምስክር ተፈራረሙ፤ የተሰረቀ ቢሆን ዕቃውንም ገንዘቡንም የምታጣው አንተ ነህ። የሚገዛበት ወቅት ክረምት ነው፣ የጣሪያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሻጭ ይበዛል። ያገለገለው መግዣ ላይ ካርቦኑ፣ ኩሽኔታውና ዲስኩ ተደምሮ ከአዲሱ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ተወው።

ከታች በአስተያየት ለባሕር ዛፍ ቆረጣ ያገለገለ ቼንሶ (በቤንዚን የሚሠራ ባለ ሰንሰለት መጋዝ) ሲገዛ ምን እንደሚያይ ለጠየቀው፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ሲቀዘቅዝ እምቢ የሚለውን እየደበቀ ይሆናል። ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) ፈትተህ በጭስ መውጫው ፒስተኑን እየው። ከላይ ወደ ታች የተጫረ ከሆነ ዘይት በሌለው ቤንዚን ሳይነዳ አልቀረም። ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ነው የሚገባው። በመጨረሻ ጫፉን ወደ ነጭ ካርቶን አዙረህ ጋዝ ስጠው፤ ካርቶኑ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ካልተረጨ የሰንሰለቱ ዘይት ፓምፕ አይሠራም ወይም ተደፍኗል።