መዝሙር 90 እየደገምን ክትባት ለምን?

(ይህ ጥያቄና መልስ የተጻፈው በ2013 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ የኮሮና ክትባት ወደ አገራችን በገባበት ሰሞን ነው።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። የኮሮና ክትባት መጣ ሲባል «እኔ እከተባለሁ» አለች። እኔ ግን ከለከልኳት። ሌላው ክትባት አሥር ዓመት ይፈጃል እየተባለ ይሄኛው በአንድ ዓመት እንዴት ደረሰ? የማኅበራችን እኅቶችም 666፣ የአውሬው ምልክት ነው ይላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ መዝሙር 90ን ጠዋት ማታ እንደግማለን፣ ጸበል እንጠጣለን። መርፌ መፈለግ እምነት ማጣት አይሆንም? ደግሞስ በጾም ይፈቀዳል? እናቴ አኩርፋኛለች።

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላም ለአንቺም ለእናትሽም ይሁን። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስና ወደ ዋናው ልግባ።

በጾም ይፈቀዳል። መርፌ ማዕድ አይደለም፣ ጾም አያፈርስም። እናትሽ የሚቆርቡ ከሆነ ግን የቁርባኑንና የክትባቱን ቀን አታገናኙ። ከተከተቡ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና የክንድ ሕመም ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ምን እንደሚቀምሱ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። ስኳር ያለበት ሰው ይህን መቼም አያጣውም።

ስለ 666 ብዙ አልልም። ይህንኑ ወሬ ድሮ በሱቅ ዕቃ ላይ ስላለው ባርኮድም ሰምቼዋለሁ። ራእይ ምዕራፍ 13ን ከቁጥር 16 አትጀምሪ፤ ከ11 ጀምረሽ አንብቢው። እዚያ ዋናው ነገር ስግደት ነው። ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘው የተወጉ እናት ለማን ሰገዱ? ሳያውቁት በመርፌ የሚካድ ክርስቶስ የለንም። ጥምቀታችን በሲሪንጅ የሚሰረዝ የመሰላቸው እኅቶች ስለ ክትባቱ መከራከሩን ትተው ስለ ጥምቀት እንደገና ቢማሩ ይሻላቸዋል። ይህን ስል ተቆጥቼ ነው፣ አዎ።

«በአንድ ዓመት እንዴት ደረሰ?» ያልሽው ግን ጥያቄ ነው። እኔም ጠይቄዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ሐኪምና ነርስ ሆነዋል። አንድ ቀን አስቀመጥኳቸውና «በሉ እናንተ ደግሞ አስተምሩኝ» አልኳቸው። የነገሩኝን በእኔ ቋንቋ ልንገርሽ።

ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አይተሻል። ዘንድሮ መሠረቱ ይወጣል። ገንዘብ ያልቃል። መንገድ ዳር ጥላ ተዘቅዝቆ ይለመናል። ከርሞ ግድግዳው ይጀመርና ደግሞ ይቆማል። ቆርቆሮው ሲለብስ አሥረኛው ዓመት ይሆናል። አሥር ዓመት የፈጀው ግን ግንበኛው አይደለም፣ ልመናው ነው። አንድ ባለጸጋ መጥቶ ሙሉውን ወጪ ቁጭ ቢያደርግስ? ግድግዳው ሲገነባ በርና መስኮቱ ሌላ ቦታ ይሠራል። ቆርቆሮው ቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል። በዓመቱ ታቦት ይገባል። መሐንዲሱ ግን ማየት ያለበትን ሁሉ ያያል።

ክትባቱም እንዲህ ነው የሆነው። የቻይና ተመራማሪዎች የቫይረሱን የዘር መለያ በጥር 2012 ለዓለም ይፋ አደረጉ። መሠረቱ ደግሞ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሳርስና መርስ የሚባሉት የዚህ በሽታ ዘመዶች ከዓመታት በፊት ተነሥተው ስለነበር የቤተሰቡን ጠባይ ያውቁታል። ለእኛ የመጣውን አስትራዜኔካ የሚባለውን ክትባት የቀመሩት የኦክስፎርድ ሰዎችም ለመርስ የሚሆን ክትባት ሲሠሩ ነው ይሄኛው የደረሰባቸው። ከዚያ መንግሥታት ገንዘቡን አፈሰሱት። ፋብሪካዎች ሙከራው ሳያልቅ ማምረት ጀመሩ፤ ካልሠራ ይደፋል ብለው ነው። ያጠረው የወረፋውና የልመናው ጊዜ ነው። ሙከራው አልተዘለለም፤ በእንግሊዝ፣ በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ፈቃደኞች ገብተውበታል።

«ሊሞክሩብን ነው» የሚሉም አሉ። ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። አምና በ2012 ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በቴሌቪዥን ቀርበው የኮሮና ሙከራ አፍሪካ ውስጥ ስለማድረግ ሲነጋገሩ ዓለም ሰምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መሪ፣ የአገራችን ሰው ዶክተር ቴድሮስ፣ ዘረኝነት ነው ብለው በግልጽ ነቀፉት። ግን ኋላ የሆነውን ደግሞ እዪ። እንግሊዞች ኅዳር 29 ቀን 2013 በሌላኛው ዓይነት ክትባት፣ በፋይዘር፣ ዘመቻ ሲጀምሩ መጀመሪያ የተወጉት የገዛ አገራቸው ሰው፣ የ90 ዓመት እናት ናቸው። ለእኛ 2.2 ሚሊዮን ክትባት ቦሌ የደረሰው የካቲት 28፣ በዘወረደ እሑድ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ! እኔስ ቅር ያለኝ መዘግየቱና ማነሱ ነው።

በአውሮፓ ስለ ደም መርጋት የተወራውንም አልደብቅሽም። በዚሁ በመጋቢት 2013 አንዳንድ አገሮች ለጊዜው አቁመው ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መርምሮ ጥቅሙ ያመዝናል አለ። የገጠመው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። ይህን ግን ከእኔ ይልቅ የእናትሽን ስኳር ለሚከታተለው ሐኪም አንሥተሽ ጠይቂው። መጠየቅ ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርሽም። ባለፈው መፃጉዕ እሑድ መጋቢት 19 ላይ ስለዋለ ገብርኤል ግቢው ሞልቶ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቢያንስ አራት ሰው እጀ ጠባቤን ይዞ ያንቺኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አራቱም መዝሙር 90ን ጠቀሱልኝ።

ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምደግመው ነው። «መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም» ይላል። ግን ልጄ፣ ይህን መዝሙር ወንጌል ውስጥ ማን እንደጠቀሰው ታስታውሻለሽ? ማቴዎስ 4 ላይ ነው። ጌታን ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዝልሃል ተብሎ ተጽፏል» ያለው ዲያብሎስ ነው። ጥቅሱ ትክክል ነው። መዝሙሩም የእግዚአብሔር ነው። ስሕተቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ጌታ ምን አለው? «አምላክህን አትፈታተነው።» መላእክት አይጠብቁኝም አላለም። ደረጃ እያለ ከጫፍ አልዘልም ነው ያለው።

ጓደኞችሽን «ያው ዲያብሎስ ናችሁ» እያልኩ አይደለም፣ እንዳትነግሪያቸው። ግን መዝሙር 90 እግዚአብሔር እንደሚጠብቀን ይነግረናል፤ በምን እንደሚጠብቀን አልወሰነበትም። በመልአክ ይጠብቃል። በጸበል ይጠብቃል። በነርስ እጅም ይጠብቃል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሳለ እግዚአብሔር በኢሳይያስ አፍ «እፈውስሃለሁ» አለው፤ 15 ዓመት ዕድሜም ጨመረለት። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ኢሳይያስ ምን አደረገ? የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ አስደረገ። እግዚአብሔር አድናለሁ ካለ በኋላ በለሱ ለምን አስፈለገ? ነቢዩ እምነት ጎደለው እንዴ?

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ለስኳሩ መድኃኒት ይወስዳሉ አይደል? ያንን አልከለከልሻቸውም። ጠዋት መዝሙሩ ተደግሞ ጸበሉ ተጠጥቶ መድኃኒቱም ይወሰዳል። እዚያ ላይ እምነት ማጣት ነው አላልሽም። ለምን? ለምደሽዋላ። ስለዚህ ክትባቱ ላይ የቆመው እምነትሽ አይመስለኝም። አዲስ ነገር መፍራትሽ ነው። ፍርሃት ኃጢአት አይደለም፣ እኔም ፈርቻለሁ። ግን ፍርሃትሽን እምነት ብለሽ አትጥሪው። ፍርሃት ነው ካልሽው መድኃኒት አለው፤ ትጠይቂያለሽ፣ ያስረዱሻል። እምነት ነው ካልሽው ግን ማንም ሊነካው አይችልም፣ እያደገ ይሄዳል። ሌላውንም ሰው ይዞ ይወድቃል።

ይህን የምልሽ አይቼ ነው። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በሚቀጥፍበት ዘመን ወጣት መምህር ነበርኩ። አንድ ሰው ጸበል ቦታ አግኝቶኝ «መድኃኒቱን ጥያለሁ፣ ከእንግዲህ ጸበል ብቻ ነው» አለኝ። ልቤ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል። ግን «መምህሩ ጸበል ይጠራጠራል» እንዳልባል ፈራሁና «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብዬ አለፍኩ። ዓመት አልሞላውም፣ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ሲያስተምሩ ያ ሰው ትዝ አለኝ። እኔ ለአንድ ሰው በጆሮው መንገር ያቃተኝን ነው ፓትርያርኩ ለአገር የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዝም አልልም።

ሌላም አለ። አንቺ ለራስሽ «አልከተብም» ብትዪ አንድ ነገር ነው፤ ያኔም እሟገትሻለሁ። አሁን ግን ያስያዝሽው የእናትሽን ገላ ነው። 67 ዓመት፣ ከስኳር ጋር። ይህ በሽታ የሚበረታው በማን ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እሳቸው ደግሞ «እከተባለሁ» ብለዋል። እምነታቸው ካንቺ ያነሰ መሰለሽ? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ይመስሉኛል።

የላይኛ ክንዳቸውን አይተሽው ታውቂያለሽ? በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙዎች እዚያ ላይ ጠባሳ አለባቸው። የፈንጣጣ ክትባት ነው። አገራችን ፈንጣጣ መጨረሻ ላይ ከለቀቃቸው አገሮች አንዷ ናት፤ በ1972 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። አንቺ ፈንጣጣ የያዘው ሰው አይተሽ አታውቂም። እሳቸው ግን ፊቱ የተበሳሳ፣ ዓይኑ የጠፋ የሰፈር ሰው ሳያውቁ አይቀሩም። አባቶቻችን እንኳ የፈረንጅ መርፌ ሳይመጣ ከታመመው ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየበጡ ያደርጉ ነበር። ቃሉስ የማን ነው? ክትባት የግዕዝ ልጅ ነው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ክታብም ከዚያው ነው የወጣው። አንገቱ ላይ ክታብ አስሮ ክትባት የሚፈራ ሰው አጋጥሞኛል። ለእሱ ሌላ ቀን ሌላ መልስ እጽፍለታለሁ።

መፃጉዕን ካነሣሁ አይቀር። 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረው ሰው ለጌታ የነገረው በሽታውን አልነበረም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው አጠገቡ ነው፤ የሚያወርደው አጣ። እናትሽ ሰው አላቸው። አንቺ አለሽላቸው። አሁን ግን በሩ ላይ ቆመሻል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ከዚያ ሐኪማቸውን አናግረሽ የክትባቱ ተራ ለእሳቸው መቼ እንደሚደርስ ጠይቂ፤ በዚህ በ2013 ዘመቻ የጤና ባለሙያዎች፣ አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ይቀድማሉ ተብሏል። አብረሻቸው ሂጂ። ጸበሉን አትተዉ። ማስኩንም አትተዉ፤ በተለይ ገብርኤል ግቢ እንደዚያ ሰው በሚበዛበት ቀን። አምና በ2012 ሕማማትን በየቤታችን ተዘግተን ነው የሰገድነው፣ ያን ማንም አይመኘውም። ወረፋው ረጅም ከሆነ መዝሙር 90ን እዚያው ቆማችሁ ድገሙት። የአስትራዜኔካ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በኋላ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ካርዱ እንዳይጠፋ ዳዊትሽ ውስጥ አስቀምጪው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።