ማንዳሪን ዓሣን አሁን ላስገባ ወይ?

ወንድሜ፣ የጨው ውኃ አኳሪየምህ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ማንዳሪን ዓሣ ላስገባበት ወይ ብለሃል። እባክህ አሁን አታስገባ። ይህ የምዕራብ ፓስፊክ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ፣ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን እየለቀመ ይውላል። በቀን ሁለቴ መመገብ አይበቃውም። ደረቅ ምግብማ አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብሎም አያየው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ያለችውን ኮፔፖድ ቶሎ ይጨርስና ቀስ በቀስ በረሃብ ያልቃል። እኔም አንዱን እንዲህ አጥቼዋለሁ፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። ገንዳህ ዓመት ገደማ ይቆይ። ሕያው ድንጋይ፣ ማለትም ጥቃቅን ፍጥረታት የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ፣ የሞላበት፣ 300 ሊትር አካባቢ የሚይዝ ቢሆን ጥሩ ነው። ስትገዛ ገንዳ ውስጥ የተፈለፈለውን ፈልግ፤ ከፍሪዘር የወጣ ምግብ ሲበላም በዓይንህ እይ። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ተወው።