ፔኒሲሊን ከተወጋ በኋላ ለምን ባሰበት?

ለሚያገረሽ ትኩሳት ፔኒሲሊን የተወጋው ወንድምሽ በ2 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጡ መድኃኒቱ መርዝ ስለሆነበት አይደለም። በዚህ በሽታ የሚጠበቅ ነው።

በቅማል የሚተላለፈው ባክቴሪያ ደሙን ሞልቶታል። መድኃኒቱ ሲገባ ባክቴሪያው በአንዴ መርገፍ ይጀምራል። ከላዩ ያሉት ስብ የተጣበቀባቸው ፕሮቲኖች የመከላከያ ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ። እነሱም ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊውኪን 6 እና 8 የሚባሉ ፕሮቲኖችን በገፍ ይለቃሉ። ጥርሱን የሚያንገጫግጨው ይህ የራሱ ሰውነት ምላሽ ነው።

ይበልጥ የምፈራው ብርዱ ሲለቀው ያለውን ሰዓት ነው። ላብ ያጠምቀዋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። አንድ ታማሚ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ብድግ ሲል አጠገቤ ተዝለፍልፎ ወድቋል። እባክሽ ዛሬ ከጤና ጣቢያው አታውጪው፤ ከአልጋም አይነሳ። ግፊቱን ቶሎ ቶሎ ይለኩለት። ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ጥሪያቸው።