ጠይቁን፦ ቶሎ የሚላጥ ኩቴክስ፣ የወፈረ ብልቃጥና የወየበ ጥፍር

ጥያቄ፦ ጥፍሬን ቤት ውስጥ የምቀባው ራሴ ነኝ። መጀመሪያ እጄን ለብ ባለ ውኃ እዘፈዝፋለሁ፤ ከዚያ ጥፍሬን አስተካክዬና እጄን ሎሽን ተቀብቼ ወደ ቀለሙ እሄዳለሁ። እንዲህ ተጠንቅቄም ኩቴክሱ በሁለተኛው ቀን ከጫፉ መላጥ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ሙሉው እንደ ልጣጭ ተነሥቶ ይወጣል። ጥፋቱ የቀለሙ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ቀለሙን ከመውቀስዎ በፊት ዝግጅትዎን ይመርምሩት፤ ለጥፍርዎ አስበው የሚያደርጓቸው ሁለቱ ነገሮች፣ መዘፍዘፉና ሎሽኑ፣ ቀለሙ እንዳይዝ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸውና። ጥፍር ጠንካራ ቢመስልም ውኃ ይመጥጣል፤ ሲመጥጥም በመጠኑ ያብጣል። ቀለሙ በዚህ ባበጠ ጥፍር ላይ ከደረቀ በኋላ ውኃው ቀስ በቀስ ሲወጣ ጥፍሩ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ የደረቀው ቀለም ግን አብሮት ስለማይሰበሰብ ከጫፉ መላቀቅ ይጀምራል። ሎሽኑ ደግሞ በቀለሙና በጥፍሩ መካከል የቅባት ሽፋን ይተዋል፤ ሙሉው እንደ ልጣጭ የሚነሣልዎትም በዚሁ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ጥፍርዎን በደረቁ ይሞርዱት፤ እጅዎን መታጠብ ካለብዎ ከታጠቡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ልትቀቡ ስትሉ እያንዳንዱን ጥፍር በአሴቶን ወይም በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጥጥ ቃጫ ትቶ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ከጠረጉት በኋላ ጥፍሩን በጣትዎ አይንኩት። ሎሽኑና የጥፍር ዘይቱ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ይደርሳሉ።

አቀባቡም የራሱ ድርሻ አለው። ተራው የጥፍር ቀለም ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ሽፋን ሠሪ ነገር በኤቲል አሴቴትና በቡቲል አሴቴት ሟሙቶ የተዘጋጀ ነው፤ የሚደርቀውም እነዚህ ፈሳሾች ሲተኑ ነው። ትነቱ ከላይ ስለሚጀምር፣ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ለስላሳ የሆነ ሽፋን ያገኛል። ማታ ደርቋል ብዬ ተኝቼ፣ ጠዋት የአንሶላውን ሽመና በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ታትሞ ያገኘሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የብሩሹን አንድ ጎን በብልቃጡ አፍ ላይ ጠርገው፣ መጀመሪያ መሐሉን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ጎኖች በሦስት ምት ይቀቡ፤ ከጥፍሩ ሥር ካለው ቆዳ የፀጉር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ቆዳ የነካ ቀለም ከዚያው መነሣት ይጀምራልና። በመጨረሻም ብሩሹን በጥፍሩ ጫፍ ውፍረት ላይ ጋደም አድርገው ያሳልፉት፤ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ይህችን ምት የሚዘልል ሰው ራሱን ይጎዳል። ሁለት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡ። የነካ እጅ ላይ ስላልተለጠፈ ብቻ ደረቀ ማለት አይደለም፤ ውስጡ እስኪጠነክር ሰዓታት ይወስዳልና በዚያ ቀን ከሙቅ ውኃ ይራቁ፣ ዕቃ ማጠብ ግድ ከሆነም ጓንት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የምወደው ቀለም ብልቃጡ ውስጥ ወፍሮ እንደ ማር ይሳባል። ጥቂት አሴቶን ጠብ አድርጌበት ለአንድ ቀን ተስተካክሎ ነበር፤ አሁን ግን ከቀድሞው ብሷል።

መልስ፦ አሴቶን ናይትሮሴሉሎስን ስለሚያሟማ መጀመሪያ ላይ መሥራቱ አይደንቅም። ችግሩ ቶሎ መትነኑ ነው፤ አሴቶን በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ኤቲል አሴቴት በ77፣ ቡቲል አሴቴት ደግሞ በ126 ዲግሪ ይፈላል። ቀለሙ በብሩሹ ሥር ሳይጎተትና ሳይጨማደድ ተዘርግቶ እንዲደርቅ የሚያደርገው የፈጣኑና የዝግተኛው ፈሳሽ ሚዛን ነው፤ አሴቶን ሲገባበት ይህ ሚዛን ይናጋል። የጥፍር ቀለም ማቅጠኛ ተብሎ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ከቀለሙ ፈሳሾች ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምረው፣ ከድነው፣ ብልቃጡን በሁለት መዳፍዎ መካከል ያንከባልሉት። መነቅነቁ አረፋ ስለሚፈጥር አልመክርዎትም።

ቀለም የሚወፍረው ክዳኑ በደንብ ስለማይገጥም ነው፤ አንገቱ ላይ የደረቀውን ቀለም በየጊዜው በአሴቶን ይጥረጉት። ብልቃጡን አቁመው፣ ከፀሐይና ከሙቀት አርቀው ያስቀምጡ። ቀለሙም አሴቶኑም በቀላሉ እሳት ይይዛሉ፤ ሻማ ወይም ምድጃ አጠገብ ፈጽሞ አይቀቡ፣ መስኮትም ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ቀይ ቀለም ሳስለቅቅ ጥፍሬ ወይቦ ይገኛል፤ አንዳንዱም ላይ ነጭ ሻካራ ነጠብጣብ ይታያል። ታምሞ ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብጫው ከቀለሙ ወደ ጥፍሩ የላይኛ ንብርብር የገባ ነው፤ ቀይና ብርቱካናማ ቀለሞች በዚህ ይታወቃሉ። ከሥር ቤዝ ኮት፣ ማለትም ከቀለሙ አስቀድሞ የሚቀባ ሽፋን፣ መቀባት ይከላከለዋል፤ አንዴ የገባውን ግን በሎሚም በሞረድም ለማስለቀቅ መታገል ጥፍሩን ከማሳሳት በቀር ፋይዳ የለውም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። ጥፍሩ ከወፈረ፣ ከሥጋው ከተላቀቀ ወይም ሳይቀቡትም ከወየበ ግን ለቆዳ ሐኪም ያሳዩ።

ነጩ ነጠብጣብ በአብዛኛው የሚመጣው ቀለሙን በጥፍር እየፋቁ ከማንሣት ነው፤ ቀለሙ ሲነሣ የጥፍሩን ስስ ንብርብር ይዞ ይሄዳል። በማስለቀቂያ የተነከረ ጥጥ ጥፍሩ ላይ ጥቂት ሰከንድ ጫን አድርገው ያቆዩ፤ ከዚያ ወደ ጫፉ ብቻ ይሳቡት። ማሸት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የዐይን ሽፋኔ ቆዳ ያሳክከኛል፣ ይቀላልም። ጓደኛዬ ከጥፍር ቀለም ሊሆን ይችላል አለችኝ፤ ጣቶቼ ግን ምንም አልሆኑም።

መልስ፦ ጓደኛዎ ያሉት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። በአንዳንድ ቀለሞች ውስጥ ያለው ሙጫ አለርጂ ያስነሣል፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ጣት ላይ ሳይሆን ጣት በሚነካው ስስ ቆዳ፣ በተለይም በዐይን ሽፋንና በአንገት ላይ ይታያል። ቀለሙን ለጥቂት ሳምንታት ይተዉት፤ ወደ ሐኪም ሲሄዱም ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ፣ የይዘቱ ዝርዝር ያለበት ካርቶን ካልጣሉት እርሱንም ጭምር።